ካሜራና አጥር ብቻ ቧንቧ አይጠብቅም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ነዳጅና ጋዝ ቧንቧ ደህንነት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሌባና ታጣቂ ይሆናል። ጥበቃ አያስፈልግም አልልም። ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ቤልጂየም ጊስለንጊየን ውስጥ 24 ሰው የገደለው ፍንዳታ መነሻው የግንባታ ማሽን የጫረው የጋዝ ቧንቧ ነው። ጉዳቱን በጊዜ ያየ የለም። ግፊቱ ሲጨመር ፈነዳ።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኮሎኒያል ፓይፕላይን የሚባለው የነዳጅ ቧንቧ አንድ ጥይት ሳይተኮስበት ለቀናት ቆመ። የኮምፒውተር ጠላፊዎች ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተሮች የገቡት በአንድ የይለፍ ቃል ነው፤ ያውም ማንም በማይጠቀምበት አካውንት!

ታዲያ የአደጋ መከላከል፣ የጥበቃና የኮምፒውተር ክፍሎች ለምን ተለያይተው ያቅዳሉ? ከንድፉ ጀምሮ አብረው ይቀመጡ። መስመሩ አጠገብ የሚኖረውም ሰው ጋዝ ሲሸተው የት እንደሚደውል ይነገረው።

አንድ አንባቢ