ቅዳሜ ስትመጡ ላፕቶፕና አንድ ስህተት ይዛችሁ ኑ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ ፒያሳ፣ ባለፈው የተገናኘንበት ካፌ ፎቁ ላይ እንሰባሰባለን። የምናወራው ሥራ ላይ ከማን ምን እንደተማርን ነው።

እኔ ልጀምር። ባለፈው ወር አንዲት የልምምድ ተማሪ የኤክሴል ሪፖርቴን አይታ «ጥቅምት 30 እኮ ከድምሩ ወጥቷል» አለችኝ። «ተይው፣ እኔ አየዋለሁ» ብዬ አለፍኳት። ልክ ነበረች። 30/2/2017 ብለን ስንጽፍ ኤክሴል የሚያስበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የላትም። ስለዚህ እንደ ቀን ሳይሆን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ አይነሳ፣ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም! ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በየራሱ አምድ እንክፈለው ያለችውም እሷ ናት። ስንት ዓመት ስሠራ አላሰብኩትም።

እናንተም እንዲህ ያለ አንድ ገጠመኝ ይዛችሁ ኑ። ፋይሉ ካለ ይበልጥ ጥሩ፤ የደንበኛ መረጃ ግን አጥፉበት። ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉት፣ መብራት አይታመንም።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ ሳይመሽ እንድትመለሱ 10፡30 ላይ እንጨርሳለን። ቀጣዩ እናንተ ጋ ይሁን ወይስ እዚሁ? እሱንም እንወስናለን።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «አለሁ» ብላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ፣ ቦታ ልያዝ።