የሽያጭ ፕሮግራማችን በሊኑክስም መሥራት ጀምሯል፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በመጋላ እህልና ቅመም የምትነግዱ፣ በከዚራና በሳቢያን ሱቅ ያላችሁ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቡና የምትሸጡ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል። ግን ኮምፒውተራችሁንም ኪሳችሁንም የሚመለከት ነገር ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ዋናውን እናስቀድም። የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራማችን እስካሁን የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነበር። አሁን በሊኑክስም ይሠራል፤ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም (ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ነው። ሚዛን ያነባል፣ ወረቀት ያትማል፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይጽፋል። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ፣ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ።

ሰሞኑን ስትደውሉልን የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፦ «ዊንዶውስ 10 አበቃለት ይሉናል፣ እውነት ነው?» እውነት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ኮምፒውተሩ አልተዘጋም፣ ዛሬም ይበራል። የቀረበት የደህንነት ማስተካከያው ነው። ለተወሰነ ጊዜ የሚያራዝም ተጨማሪ አገልግሎት አለ፤ እሱም ጊዜያዊ ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም። አንድ ፍላሽ ከሱቅ ሱቅ በሚዞርበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ታዲያ ዊንዶውስ 11 ጫኑልን» ትሉናላችሁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይፈልጋል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። በየሱቃችሁ የምናያቸው ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ያገለገሉ ሆነው የተገዙ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። በጉልበት የሚጭኑ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስም በየቦታው ይገኛል። እኛ ግን የዱቤ መዝገባችሁ ያለበት ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለውን አንጭንም። ማን ምን አብሮ እንደከተተበት አይታወቅም።

የሚያሳዝነን ኮምፒውተሩ ጤነኛ መሆኑ ነው። የድሬን ሙቀትና አቧራ ችሎ ዓመታት የሠራ ማሽን፣ አቧራው ተጠርጎ ፋኑ ቢቀየርለት ገና ብዙ ይሠራል። ወደ ሊኑክስ የሄድነውም ለዚህ ነው።

ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991፣ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎችና ድርጅቶች አብረው ይሠሩታል። እንግዳ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድሮይድ ስልክ የያዛችሁ ሁሉ ሊኑክስን በኪሳችሁ ይዛችሁ ነው የምትዞሩት። የላይሰንስ ክፍያ የለውም። መጠነኛ አቅም ባለው ኮምፒውተርም የሚሠሩ ቀለል ያሉ ዓይነቶች አሉት።

«ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ለምን ቆያችሁ?» ማለታችሁ አይቀርም። ፕሮግራማችን ከሚዛንና ከፕሪንተር ጋር የሚነጋገረው ሌሎች ሰዎች በጻፉት ላይብረሪ በኩል ነው። ላይብረሪ የሚባለው ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። ይህኛው ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን ማንም ማየት ይችላል። የተለቀቀው ኤምአይቲ በሚባለው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ኮዱን መለወጥንም፣ ለንግድ መጠቀምንም ይፈቅዳል። የሚጠይቀው የባለመብቶቹ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ እንዲቆይ ነው። ሁሉም ጥሩ ሆኖ፣ የተጻፈው ግን ለዊንዶውስ ብቻ ነበር።

ድሬ ላደገ ሰው ይህን በባቡር ማስረዳት ይቀላል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። የአዲሱ 1,435 ሚሊሜትር ነው። የድሮውን ፉርጎ አዲሱ ሀዲድ ላይ ብታስቀምጡት አይሄድም። ፉርጎው ምንም አልሆነም፤ የማይገጥመው ከሥሩ ያለው እግሩ ነው። እኛም የላይብረሪውን አካል አልነካንም። ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን እግሩን ነው የቀየርነው።

ብዙ ያሠራን ፊደላችን ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ቁጥሩ የሚይዘው ቦታ የሚለካው በባይት ነው። ዊንዶውስ ውስጥ የተለመደው አሠራር ለአንድ የአማርኛ ፊደል 2 ባይት ይሰጣል፤ ለባዶ ቦታም እንዲሁ። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ዩቲኤፍ 8 የሚባለው ነው፤ እዚያ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። የእንግሊዝኛ ፊደልና ባዶ ቦታ ግን እዚያ 1 ባይት ብቻ ነው። ላይብረሪው ለዕቃ ስም የመደበው ቦታ 40 ባይት ነበር።

አሁን «የተፈጨ በርበሬ አንደኛ ደረጃ» የሚለውን ስም ውሰዱ። 15 ፊደልና 3 ባዶ ቦታ አለው። ዊንዶውስ ላይ 36 ባይት ነው፣ ይገባል። ሊኑክስ ላይ 48 ባይት ይሆናል፣ አይገባም። በሙከራ ያወጣነው ወረቀት ላይ «የተፈጨ በርበሬ አንደኛ» ይልና ከጎኑ አንድ የተበላሸ ምልክት ይታያል። ምልክቱ «ደረጃ» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋ ፊደል ሢሶ ናት። 39 ባይት ሞልቶ የቀረችው አንዲት ባይት ላይ ፊደሏ ተቆርጣለች። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ችግር በፍጹም አያየውም፤ ለእሱ ሁሉም ነገር ደህና ነው። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ካልሞከርነው ማንም አይሞክርልንም። አሁን ቦታው እንደ ስሙ ርዝመት ይሰፋል። የሚቆረጥ ፊደል የለም።

ሌላው የሚዛኑ ነገር ነው። ሚዛናችሁ በገመድ ተያይዞ ክብደቱን እንደ ጽሑፍ ይልካል። ዊንዶውስ ገመዱ የገባበትን በር «ኮም 3» እያለ ይጠራዋል፤ ሊኑክስ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»፣ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» እያለ ተራ ይሰጠዋል። ተራው ግን ቋሚ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀድሞ የተገኘው ገመድ 0 ይሆናል። አንድ ሚዛን ላለው ሱቅ ምንም አይደለም። በርበሬው በአንዱ፣ ቡናው በሌላው ለሚመዘንበት ሱቅ ግን ትልቅ ጣጣ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር የቡናው ክብደት በርበሬው ላይ ሊጻፍ ይችላል።

ስለዚህ በተራ ቁጥር መለየቱን ተውነው። ገመዱ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው በእሱ እንለየዋለን። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ገመዶች ብዙዎቹ ግን መለያ ቁጥር የላቸውም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው ለኮምፒውተሩ አንድ ናቸው። እነሱን የምንለየው በተሰኩበት ቀዳዳ ነው። ሁለት ሚዛን ያላችሁ ደንበኞቻችን፣ እባካችሁ ይህን ለሠራተኞቻችሁ ንገሩልን፦ ቀዳዳዎቹ ላይ ምልክት እንለጥፋለን፣ ለጽዳት ስትነቅሉ እዚያው ቦታው መልሳችሁ ሰኩት።

እዚሁ ላይ ያጋጠመንን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ አንዳንዶቹ ርካሽ ገመዶች ሲሰኩ ብቅ ይሉና ወዲያው ይጠፋሉ። ገመዱ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን አልተበላሸም። ለዓይነ ስውራን የብሬል መሣሪያ የሚያገለግል አንድ ፕሮግራም ገመዱን የራሱ መሣሪያ አድርጎ ይወስደዋል። የብሬሉ መሣሪያና የሚዛኑ ገመድ ውስጣቸው ያለው ቺፕ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ብዙ ሰው ያንን ፕሮግራም አጥፍቶ ያልፋል። እኛ በደፈናው አናጠፋውም። ጠቃሚ ፕሮግራም ነው፤ በብሬል የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት ካለ አስቀድማችሁ ንገሩንና ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ አድርገን እናዘጋጃለን።

ፕሪንተሩ ብዙም አላስቸገረንም። ትንንሾቹ የሙቀት ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ውስጣቸው የአማርኛ ፊደል የለም። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርገን በነጥብ በነጥብ እንልክላቸዋለን። ይህ በሁለቱም ሲስተም አንድ ነው። አንድ ለውጥ ግን ታያላችሁ፤ የወረቀቱ ፊደል መልኩ ትንሽ ይለያል። እስካሁን የምንጠቀመው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ናያላ ፎንት ነበር። እሱን ወደ ሌላ ሲስተም እንደፈለግን መውሰድ አንችልም። በምትኩ ኖቶ የሚባለውን በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ፎንት አድርገናል። ለእኛ ዓይን እንዲያውም ቀጭን ወረቀት ላይ የተሻለ ይነበባል።

የሠራነውን ለራሳችን አላስቀረነውም። ወደ ላይብረሪው ባለቤቶች መልሰን ልከናል፣ እነሱም ተቀብለዋል። ፈቃዱ እንድንመልስ አያስገድደንም። ባንመልስ ግን እነሱ አዲስ ስሪት ባወጡ ቁጥር እኛ ከዜሮ እንጀምራለን፤ ያ ደግሞ ለእናንተ መዘግየት ነው። ሥራውን በአንድ ጊዜ አልወሰዱትም። በትንንሹ ከፋፍላችሁ ላኩ አሉን። የሊኑክሱና የዊንዶውሱ ኮድ በየቦታው እንዳይደባለቅ፣ ሁሉም በየራሱ ፋይል እንዲቀመጥ ጠየቁን። ዊንዶውስ ላይ የነበረው ሙከራ ሁሉ አሁንም እንዲያልፍ ፈለጉ። ጊዜ ወሰደ፤ ግን ልክ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ የምትቆዩት ደንበኞቻችን ምንም ያልተነካባችሁ በዚህ ጥንቃቄ ምክንያት ነው።

«የሱቃችንን ሚስጥር አብራችሁ ላካችሁ ወይ?» የሚል ካለ፣ አልላክንም። የሄደው ሚዛን የሚያነብና ወረቀት የሚያትም ኮድ ነው። ዋጋችሁ፣ የዕቃ ዝርዝራችሁና የዱቤ መዝገባችሁ ያለው እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከዚያ አይወጣም።

ሁሉም ሰው ይቀይር አንልም። የሒሳብ ባለሙያችሁ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ፒችትሪ የሚሠራ ከሆነ፣ ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ባትነኩት ይሻላል። ወይ ለእሱ ሌላ ማሽን ይኑረው። ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ኮምፒውተር የገዛችሁም መቀየር አያስፈልጋችሁም። «አቦ ተዉን፣ የለመድነው ይበቃናል» የምትሉም መብታችሁ ነው፤ የዊንዶውሱ ፕሮግራማችን ይቀጥላል። የታክስ ደረሰኝ የምትቆርጡበት የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያም ከዚህ ሥራ ጋር አይገናኝም። እንደነበረ ነው።

ሁለቱንም ሲስተም አንድ ኮምፒውተር ላይ የምታስቀምጡ ሰዓታችሁን ተጠንቀቁ። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት የሚያስቀምጠው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት ያነበዋል። የእኛ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ካልተስተካከለ ከቀኑ 8 ሰዓት የሸጣችሁት ዊንዶውስ ላይ 5 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ስንጭን እናስተካክለዋለን፤ ሌላ ሰው ከጫነላችሁ ግን ይህን ጠይቁት።

በአማርኛ መጻፍ የለመዳችሁበት ፓወር ግዕዝ ከሆነ፣ ሊኑክስ ላይ ኪማን የሚባለውን እንጭንላችኋለን። የእንግሊዝኛውን ፊደል በድምፁ እየተከተላችሁ ትጽፋላችሁ፤ እጅ ቶሎ ይለምደዋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ቁጥር ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የድሮ የዕቃ ዝርዝር ያላችሁ አስቀድማችሁ አሳዩን። እሱን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ስሞቹንም አብረን አንድ በአንድ ማየት አለብን።

ለመቀየር የምትፈልጉ ደውሉልን ወይም ከዚራ ቢሯችን ብቅ በሉ። ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም፤ ሁሉንም በፍላሽ ይዘን እንመጣለን። የምንመጣው ሱቅ ከዘጋችሁ በኋላ ወይም ገበያ በማይበዛበት ሰዓት ነው። አስቀድመን መረጃችሁን ሁሉ በሁለት ቦታ እንገለብጣለን፤ አንዱ ቅጂ እናንተ ጋ ይቀራል። ከዚያ ምንም ሳንጭን ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስተን ሚዛኑንና ፕሪንተሩን ፊታችሁ እንሞክራለን። ካልሠራ ፍላሹን ነቅለን እንሄዳለን፣ ኮምፒውተራችሁ እንደነበረ ይቆያል። ከሠራና ከተስማማችሁ እንጭናለን። የጥገና ውል ያላችሁ ደንበኞቻችን ለዚህ ተጨማሪ አትከፍሉም።

እስክንመጣ ድረስ ከእናንተ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ የኮምፒውተሩ ይለፍ ቃል፣ የሚዛኑ ሞዴል፣ እና በብዛት የምትሸጧቸው ዕቃዎች ስም፣ በተለይ ረጃጅሞቹ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል ባልደረቦች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ