ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ስለ ቤት ማስዋብ ባወጣችሁት ጽሑፍ ዎልፔፐር ለእኛ አዲስ ፋሽን ነው ብላችኋል፣ እሷ ነገር ትንሽ ከነከነችኝና ነው የምጽፈው። ኧረ እኔ ዎልፔፐር ውስጥ ነው ያደግኩት! ደብረ ማርቆስ ያደግንበት ቤት የጭቃ ነው፣ እማየ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ዱቄት በጥብጣ እንደ አጥሚት ታፈላና ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ታለብሰዋለች፣ ያውም የእናንተን። ማታ ማታ አልጋየ ላይ ሆኜ ግድግዳ ሳነብ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፣ ተገልብጦ የተለጠፈም ስላለ አንገቴን አጣምሜ። በርግጥ ከወረቀቱ ጀርባ ትኋንም በረሮም ይራባ ነበር፣ ዱቄቱ ለበረሮው ምግብ ነው፣ እሱን አልደብቅም።

እንግዲህ እኔም ጊዜው ደረሰና ሳሎኔን ላሳምር ብዬ ያን ነጭ ጡብ የሚመስለውን ፎም ገዛሁ፣ ከጀርባው ላጥ አድርጎ የሚለጠፈውን። ሻጩ ውሃ አያስገባም አለኝ፣ እውነቱን ነው አያስገባም፣ ግን አያስወጣምም! የኔ ቤት ከላይ በሲሚንቶ ተለሰነ እንጂ ውስጡ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ ክረምት ላይ ከስር እርጥበት ይስብና ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ ይተነፍሳል፣ በፕላስቲክ ስትከድነው መሄጃ ያጣል። ሐምሌ ላይ ቤቱ መሽተት ጀመረ፣ አንዱን ጥግ ገለጥ ባደርገው ጥቁር ሻጋታ። እማየ መጥታ አየችና "ልጀ፣ አልብሰኸው ነው ወይስ አፍነኸው?" አለችኝ። የሷ ጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ያስተነፍስ ነበር ለካ።

ከሻጋታው በላይ ያበሸቀኝ ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ለቅሶ ልደርስ የሄድኩበት ቤት ያው ነጭ ጡብ፣ ዘመድ ጥየቃ ብሄድ ያው ነጭ ጡብ፣ የራሴ ሳሎን የተቀመጥኩ እየመሰለኝ ተነስቼ ቡና ላፈላ ምንም አልቀረኝ። ቤት እኮ የባለቤቱን መልክ ካልያዘ ምኑን ቤት ሆነ።

አንዲት ጎረቤታችን ግን ደስ የሚል ነገር ሠራች። አራቱንም ግድግዳ አልነካችም፣ አልጋው ራስጌ ያለውን አንዱን ብቻ ጥቁር አረንጓዴ የወረቀት ዎልፔፐር ለጠፈችበት፣ ሌላውን ነጭ ቀለም ቀባችና የእናቷን ሰፌዶች ሰቀለችበት፣ ስትገባ የማን ቤት እንደሆነ ሳይነግሩህ ታውቃለህ። ወጪውም ቢሆን ያን ያህል አይደለም፣ አንድ ሮል ብዙ ጊዜ 53 ሳንቲም ወርድና 10 ሜትር ርዝመት አለው፣ 4 ሜትር ስፋት 2.80 ከፍታ ላለው ግድግዳ 3 ሮል ይበቃል፣ አበባው ትልልቅ ከሆነ ለማገጣጠም ስለሚባክን አንድ ጨምሩ። ደግሞ ባለ መስመሩን ባትገዙ ይሻላል፣ የኛ ግድግዳ ቱንቢ የሚያውቀው ስንቱ ነው፣ መስመሩ ጠማማነቱን ያጋልጠዋል። አዲስ የተለሰነ ቤት ከሆነም ልስኑ በደንብ ይድረቅ፣ ቢያንስ አንድ ወር።

አዲስ ነው ስላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ጣና ዳር ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ሄዳችሁ የመቅደሱን ግድግዳ ብታዩ፣ አብዛኛው ስዕል ጭቃው ላይ በቀጥታ የተሳለ አይደለም፣ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፣ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ግድግዳ ማልበስን እኛ ከፎም ሻጭ አልተማርንም ማለቴ ነው። እስኪ ያንን የብራና ላይ ጌጥ ሐረግ፣ ያንን የቀሚስ ጥለት፣ ወረቀት ላይ አትሞ የሚሸጥልን ይምጣና ነጩን ጡብ እንገላገል።

በመጨረሻ አንድ አቤቱታ አለኝ። ልጅ ሆኜ አልጋየ አጠገብ የተለጠፈው የፊት ገጻችሁ ላይ ስለ አንድ ሌባ የሚያወራ ወሬ ነበር፣ ልክ ሰውየው አጥር ዘሎ ሲገባ "ወደ ገጽ 7 ዞሯል" ይላል። ገጽ 7 የዚያው ወረቀት ጀርባ ነው፣ ጭቃው ላይ ተጣብቋል። ስንት ዓመት ሙሉ ሌባው አጥር እንደዘለለ ቀረ። እማየ ጓዳዋን አሁንም በጋዜጣችሁ ነው የምታለብሰው፣ የልጅ ልጆቿም ማንበብ ጀምረዋል፣ እባካችሁ የፊት ገጹን ወሬ እዚያው ጨርሱት።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ