ኪኒኑን የላክሁት እኔ ነኝ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ደህና ነው፤ የሌሊት ፈረቃ ስለገባሁ ድምፄ ደክሞ ቢሰማሽ በዚህ እንዳታስቢ። የእማዬን የደም ምርመራ ውጤት ፎቶግራፍ አንስተሽ ከላክሽልኝ ዛሬ 16 ቀን ሆነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ገንዘብ ልኬ «አይዞሽ» ከማለት በቀር አንዲት መስመር ስላልጻፍሁልሽ እንደተቀየምሽኝ ገብቶኛል። «ገንዘብ መላክ መልስ አይሆንም» ያልሽው እውነት ነው። ሆኖም ዝም ያልሁት ነገሩን ችላ ብዬ አይደለም። መጀመሪያ ወረቀቱ አልገባኝም ነበር፤ ከገባኝ በኋላ ደግሞ የገባኝን ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ።

የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬቲኒን እኔ ባለሁበት አገር የሚጻፈው በሌላ መለኪያ ነው። እዚህ የሴቶች ጤናማ መጠን ከ45 እስከ 90 ገደማ መሆኑን አንብቤ የእማዬ 1.7 መሆኑን ሳይ፣ ቁጥሩ ከሚገባው በታች የወረደ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ የሌለባትን በሽታ ስፈልግላት አደርሁ። በማግሥቱ አንዲት ፋርማሲስት 1.7ን በ88.4 አባዝታ በዚህ አገር መለኪያ 150 መሆኑን አሳየችኝ። ከሰባት ወር በፊት 1.1 የነበረው ነው እዚህ የደረሰው። ክሬቲኒን ጡንቻችን ዘወትር የሚያመነጨው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል፤ በደም ውስጥ ሲጨምር የማጣሪያው አቅም መድከሙን ያመለክታል፤ ለምን እንደደከመ ግን ብቻውን አይናገርም። ልጆች ሳለን እማዬ ትኩሳታችንን በእጇ ጀርባ ነበር የምትለካው፤ ግንባራችንን ነክታ ምን ያህል እንዳመመን ታውቅ ነበር። እኔ ግን የእርሷን ሕመም ከሩቅ አገር፣ በደበዘዘ ፎቶግራፍ ላይ፣ በማላውቀው መለኪያ ለማንበብ ስታገል፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ስደት ይልቅ ያች አንድ ሌሊት ረዘመችብኝ።

ኢናላፕሪል የተባለውን የእማዬን የግፊት ኪኒን አንዱ ሐኪም «ይቁም»፣ ሌላው «እንዳታቆም» ስላሉ «ከሁለቱ አንዱ አያውቅም ማለት ነው» ብለሽ ጽፈሻል። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም እውነት የተናገሩ ይመስለኛል። ኢናላፕሪል የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ላለበት ሰው፣ በተለይም ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ከታየ፣ ኩላሊትን ከጉዳት የሚከላከል መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው ሐኪም «እንዳታቆም» ያሉት ስለዚህ ነው። ይህን የሚያደርገው ግን በማጣሪያው ውስጥ ያለውን ግፊት በመቀነስ ስለሆነ፣ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ክሬቲኒን ጥቂት ከፍ ሊል ይችላል። እስከ 30 በመቶ የሚደርሰውን ጭማሪ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ይታገሡታል፤ ከዚያ ካለፈ ምክንያቱን ይፈልጋሉ። የእማዬ ከ50 በመቶ በላይ ነው የጨመረው። በዚያ ላይ በደሟ ያለው ፖታሲየም ከፍ ብሎ 5.3 ሆኗል፤ ኢናላፕሪል ፖታሲየምን ይጨምራል፣ ፖታሲየም ደግሞ እጅግ ከፍ ካለ የልብን ምት ያውካል። የመጀመሪያው ሐኪም «ይቁም» ማለታቸውም እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው መድኃኒቱ የሚጠብቀውን ኩላሊት፣ ሌላኛው ከፊታቸው ያለውን ቁጥር ተመለከቱ። ያልተነገራቸው ነገር ግን አለ፤ ለሁለቱም።

ትናንት ማታ ስደውል እማዬ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው አልተስማሙም፤ እኔም ሁሉንም ትቼዋለሁ፤ የምውጠው አንተ የላክህልኝን ብቻ ነው» አለችኝ። የስኳሩን ትታለች፣ የግፊቱን ትታለች፣ የእኔን ይዛለች። የእኔ ደግሞ አይቡፕሮፌን ነው።

ጉልበቷን እንደሚያማት ስትነግረኝ፣ በትልቅ ብልቃጥ ያለውን ባለ 400 ሚሊግራም ገዝቼ በመንገደኛ ሁለት ጊዜ የላክሁት እኔ ነኝ። «እንዴት እንደተሻለኝ!» እያለች በመረቀችኝ ቁጥር፣ ከሩቅ ሆኜ ለእናቴ አንድ ነገር ማድረግ ቻልሁ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠብባል፤ ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያላላል፤ እርሷ ደግሞ ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒንም ትወስድ ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ማጣሪያው ደም እያነሰው ይደክማል። ከዚህም ሌላ አይቡፕሮፌን ራሱ የደም ግፊትንና ፖታሲየምን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ፋርማሲስቷ ውጤቱን እንዳየች መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለሕመም የምትወስደው ማስታገሻ አለ?» ብላ ነበር። «የለም» ብያት ወጣሁ። ጥቂት ከተራመድሁ በኋላ ተመልሼ እውነቱን ነገርኋት፤ እርሷም ሳትወቅሰኝ የብልቃጡን ወረቀት አውጥታ ስለ ኩላሊት የተጻፈውን ክፍል አስነበበችኝ። ወረቀቱ ከብልቃጡ ጋር ሁልጊዜ አብሮ ይገኝ ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነገር ይጎዳል ብዬ አላሰብሁም። ይህን ስጽፍልሽ ጥፋቴን ለማቅለል እንዳይመስልሽ፤ እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው። የኩላሊቷ ድካም ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ልልሽም አልችልም፤ የስኳር ሕመሟ ብዙ ዓመት ሆኖታልና። ነገር ግን ሐኪሞቹ ይህን ሳያውቁ የሰጡት ምክር ሁሉ በግማሽ ታሪክ ላይ የቆመ ነው።

ስለዚህ ይህ እንደደረሰሽ ብልቃጡን አንሺልኝ። የታዘዙላትን ኪኒኖች ደግሞ በፍርሃት ሁሉንም አቋርጣ መቀመጥ የለባትም፤ የትኛው እንደሚቀጥል፣ የትኛው እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪም ነውና በዚሁ ሳምንት ውሰጃት፤ ለሌላ 16 ቀን አናቆየው። ሦስተኛ ሐኪም ፍለጋ አትሂዱ። ለረጅም ጊዜ ወደምታውቃቸው ወደ ሁለተኛው ተመለሱ። ስትሄዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የእኔን ብልቃጥ ጭምር፣ በአንድ ቦርሳ ይዛችሁ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጡት፤ የመጀመሪያው ሐኪም የጻፉትንም አትደብቁባቸው፤ ሐኪም ሌላ ሐኪም ጋር ተሄደብኝ ብሎ ይከፋል ብለሽ እንደምትፈሪ አውቃለሁ፣ ግን ከመከፋታቸው ይልቅ አለማወቃቸው ነው የሚጎዳን። ክሬቲኒንና ፖታሲየሙ እንዲደገም፣ እንዲወዳደርም በዚያው ላቦራቶሪ እንዲሆን ጠይቂ። የሽንት ፕሮቲን ምርመራና የኩላሊት አልትራሳውንድ ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቂ። የስኳር ኪኒኗ ሜትፎርሚን ኩላሊት ሲደክም መጠኑ የሚቀነስበት፣ አንዳንዴም የሚቆምበት ጊዜ ስላለ እርሱንም አንሺባቸው፤ ለጉልበቷ ምን ብትወስድ እንደሚሻልም እንዲሁ። ሽንቷ ከቀነሰ፣ እግሯ ወይም ፊቷ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።

ከጎረቤት የሰማሽው «የኩላሊት እጥበት» የሚለው ቃል እንቅልፍ እንደነሣሽ ጽፈሻል። እኔንም ነሥቶኛል። ፋርማሲስቷ የነገረችኝን አንድ ነገር ላካፍልሽ፦ ጉዳቱ ዘላቂ ነው የሚባለው ከሦስት ወር በላይ ሲቆይ ነው፤ መድኃኒት ወይም የፈሳሽ ማነስ ያደከመው ኩላሊት ምክንያቱ ሲወገድለት የሚያገግምበት ጊዜ ብዙ ነው። የእማዬ ከየትኛው እንደሆነ ከሚደገመው ምርመራ በፊት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ጎረቤቷም፣ እኔም።

«ውጤቱን ለእማዬ አልነገርኋትም፣ አንተም እንዳትነግራት» ብለሻል። በዚህ ብቻ አልታዘዝሽም። አባታችንን ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳንነግረው ነው የሸኘነው። ለእርሱ አዝነን ነበር ያደረግነው፤ እርሱ ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እያንዳንዳችንን ፊት ፊታችንን እያየ የደበቅነውን ሲፈልግ እንደነበር አልረሳውም። እማዬም በር ተዘግቶ ሲንሾካሾኩባት ከቁጥሩ የከፋ ነገር ነው የምትገምተው፤ ኪኒኖቿን ያስጣላት ይኸው ግምት ይመስለኛል።

ሠርግሽን ለማዘግየት ማሰብሽንም ሰምቻለሁ። እባክሽ አታዘግዪው። ትናንት ስለ ራሷ ስጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፤ ስላንቺ ሳነሣባት ግን ድምፅዋ ተለወጠ፤ ስለ ቀሚስሽ፣ ስለ ሙሽራው ትሕትና፣ በዚያ ቀን የት እንደምትቀመጥ ሳይቀር አጫወተችኝ። እኔ መገኘት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ምክንያቱን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ። ቀኑን በእርሷ ሕመም ምክንያት ብታራዝሚው ግን ከሕመሙ ይልቅ እርሱ ነው የሚሰብራት። ለምርመራው የሚያስፈልገውን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ለሠርጉ ካስቀመጥሽው አትንኪ።

ብልቃጡን ስታነሺባት ትቆጣለች፤ «ልጄ የላከልኝን» ትልሻለች። ሌላ ሰው ቢነግራት አትተወውም። ትናንት በስልክ ቃሉ ከአፌ አልወጣም፤ ነገ ማታ ከሥራ በፊት እደውላለሁ። ምክንያቱን አንቺ አትንገሪያት፤ ስልኩን ስጪያትና አጠገቧ ተቀመጪ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

ወንድምሽ