«እንዳይመጣ እፈራለሁ» እንጂ «እንደማይመጣ» አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ፍርሃትን ስለሚገልጸው «ፎቦስ» የተባለ የጥንታዊ ግሪክ ቃል በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ቃሉ በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ዘንድ በአብዛኛው ከጦር ሜዳ በድንጋጤ መሸሽን እንደሚያመለክት በሚገባ አስረድቷል። «ፎቤኦ» የተባለው ግሥም በመጀመሪያ «አባረረ» ማለት ነበርና፣ «ፈራሁ» የሚለው ፍቺ የመጣው የድርጊቱ ተቀባይ ከሚነገርበት ቅርጽ፣ ከ«ፎቡማይ» ነው።

ቅር ያሰኘኝ ጸሐፊው «ፎቡማይ ሜ ኤልቴ» የሚለውን «እንደማይመጣ እፈራለሁ» ብለው መተርጎማቸው ነው፤ ይህ ፍቺውን ፈጽሞ ይገለብጠዋል። «ሜ» አሉታ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማይፈለገውን ነገር «አይሁን» ብሎ የሚከላከል አሉታ ስለሆነ፣ የሚያስፈራው መምጣቱ እንጂ መቅረቱ አይደለም። ግሪክን በእንግሊዝኛ በኩል የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቢሰናከል አይፈረድበትም፤ እኛ ግን ቋንቋችን መንገዱን ጠርጎልናል። እዚህ ጅማ በቡና ለቀማ ወራት ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ያሰጣችው ቡና ሳይደርቅ ሰማዩ ሲጠቁር፣ «ኧረ ዝናቡ እንዳይመጣ ፈራሁ!» እያለች ሸራውን ስትጎትት፣ ዝናብ መቅረቱ አሳስቧት ነው ብሎ የሚረዳ ማንም የለም። የእርሷ «እንዳይ» የግሪኩ «ሜ» ነው።

የሚያሰጋን አለመምጣቱ ሲሆንስ? ግሪኩ ሁለተኛ አሉታ ይጨምርና «ፎቡማይ ሜ ኡክ ኤልቴ» ይላል፤ እኛም እንዲሁ ሁለት አሉታ ደርበን «ሳይመጣ እንዳይቀር እፈራለሁ» እንላለን። ስምምነቱን መጀመሪያ ያስተዋልሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳሁትም።

ለማመሳከር 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥3ን መመልከት ይበቃል፤ ግሪኩ «ፎቡማይ» ካለ በኋላ «ሜ» ሲያስከትል፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «እንዳይለወጥ ብዬ እፈራለሁ» ብሎ በትክክል አስቀምጦታል።

ጽሑፉን አባዝቼ ለተማሪዎቼ ለማደል ስላሰብሁ፣ እርማቱን በሚቀጥለው እትም እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የቋንቋ መምህር፣ ከጅማ