ፓምፕ ሳይቆም ያቆዩ፣ መስመር ሳይበጠስ የጠበቁ ሰዎች በሥራ ላይ ሳሉ ይከበሩ

ክቡር አዘጋጅ፣

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በውኃና በኤሌክትሪክ ዘርፍ ለአገር የደከሙ ሰዎች ስም በየመድረኩ በክብር ሲነሣ እሰማለሁ፤ ይህም ከልብ ያስደስተኛል። ሆኖም ክብሩ በአመዛኙ ግድብ በሠሩት ላይ ሲያርፍ፣ የመነጨውን ኃይል እስከ ቤታችን የሚያደርሱት፣ በዚያም ኃይል ውኃ ከጉድጓድ ስበው ወደ ከተሞቻችን የሚገፉት የክልልና የከተማ አገልግሎት ሠራተኞች ከምስጋናው ውጭ መቅረታቸው ያሳስበኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእነዚህ ሰዎች መመዘኛው የታወቀ፣ አድልዎ የሌለበትና በየዓመቱ የሚፈጸም የክብር ሥርዓት እንዲበጅላቸው ለመጠየቅ ነው።

የምኖረው በሐረር ስለ ሆነ ከማውቀው ልነሣ። ሐረር ለብዙ ዘመን ውኃዋን ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ ማደር የከተማው ኑሮ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ጭንቅ ያወጣን ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከሐሰሊሶ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች በረጅም የቧንቧ መስመር እየተገፋ የሚመጣው ውኃ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገደኛ በደንገጎ ጠመዝማዛ የሚያውቀውን ያንን ከፍታ ውኃውም ሽቅብ መውጣት አለበት፤ የሚወጣውም በየደረጃው በተተከሉ የግፊት ጣቢያዎች፣ በኤሌክትሪክ ኃይልና በየጣቢያው ሌትና ቀን በተራ በሚቀመጡ ኦፕሬተሮች አማካይነት ነው።

የእነዚህን ኦፕሬተሮች ሥራ ቀረብ ብሎ ያላየ ሰው ማብሪያ ተጭኖ ተረኛ ሆኖ መቀመጥ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ፓምፑ ይቆማል፤ በቧንቧው ውስጥ ሽቅብ ይሄድ የነበረው ውኃ ወደ ኋላ ሲመለስ መስመሩን በኃይል ስለሚመታው መገጣጠሚያዎች ይላቀቃሉ፣ አንዳንዴም ቧንቧው ይፈነዳል። ኃይል ሲመለስም ፈተናው አያልቅም፤ ቮልቴጁ ሳይስተካከል ጠላቂውን ፓምፕ ያስነሣ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ የተቃጠለ ሞተር አውጥቶ ሌላ ለመተካት ደግሞ ክሬን፣ መለዋወጫና የውጭ ምንዛሬ ያስፈልጋል፣ እስከዚያውም ሰፈሩ ይጠማል። ልምድ ያለው ኦፕሬተር ቫልቩን ቀስ ብሎ ይዘጋል፣ የቮልት መለኪያውን እያየ ይታገሣል፣ ከበታቹና ከበላዩ ላሉት ጣቢያዎች ይደውላል፣ ከዚያም ፓምፖቹን ተራ በተራ ያስነሣል። በዚያ ሌሊት ሐረር ውስጥ የተኛ ሰው ምንም አልሰማም፤ ጠዋት ቧንቧውን ሲከፍት ውኃ አለ። በእኔ እምነት ከፍ ያለ አገልግሎት የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ምንም ነገር ስላልተበላሸ ሪፖርት አይጻፍበትም፣ ካሜራ አይመጣለትም፣ ሠራተኛውንም ጠርቶ የሚያመሰግነው የለም።

የሽልማት ልማዳችን ዐይኑ ያረፈው በሚታየው ላይ ነው። አዲስ ፕሮጀክት ሲመረቅ፣ ወይም ትልቅ ብልሽት ደርሶ ሠራተኞች ሦስት ሌሊት ሳይተኙ ሲጠግኑ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ሳይተኙ የጠገኑት ሰዎች ምስጋና እንደሚገባቸው አልክድም። ግን ያ ብልሽት የደረሰው በጊዜው መደረግ የነበረበት ጥገና ስላልተደረገ እንደ ሆነ፣ የሠራተኞቹ መሥዋዕትነት የአስተዳደሩን ጉድለት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። በሌላ በኩል የትራንስፎርመሩን ዘይት በየጊዜው የሚመረምር፣ መስመሩን የተጠጉ የዛፍ ቅርንጫፎች ከክረምቱ በፊት እንዲቆረጡ የሚያደርግ፣ የክሎሪኑን መጠን አንድም ቀን ሳያዛንፍ የሚለካ ሠራተኛ አለ፤ የዚህ ሰው ውጤት ያልደረሰ አደጋ ነው። ያልደረሰን አደጋ መቁጠር ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነገር ነው፤ የእያንዳንዱ ጣቢያ የተረኛ መዝገብ፣ የመቋረጥ ሰዓትና የተቃጠለ ሞተር ቁጥር በየጽሕፈት ቤቱ ይገኛል። የጎደለው መዝገቡን ገልጦ ከበስተጀርባው ያለውን ሰው የሚፈልግ ነው።

ስለ መብራት መስመር ሠራተኞችም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የእነሱ አገልግሎት በሕይወት የሚከፈልበት ጊዜ አለ። በየከተማው ከምሰሶ ምሰሶ የተዘረጉት የማከፋፈያ መስመሮች 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። ሠራተኛው ኃይሉ መቋረጡን አረጋግጦ ምሰሶ ላይ ይወጣል። በዚያው ሰዓት አንድ ጄኔሬተር ያለው ደንበኛ ቼንጅኦቨር የሚባለውን መቀያየሪያ ሳያስገጥም ጄኔሬተሩን ከቤቱ መስመር ጋር አገናኝቶ ቢያስነሣ፣ ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ ኋላ ተጉዞ ትራንስፎርመሩ ጋ ይደርሳል፤ ትራንስፎርመሩም ወደ ቤት ሲያወርደው የነበረውን ቮልቴጅ አሁን በተቃራኒው ከፍ አድርጎ ሰው ወዳለበት መስመር ይልከዋል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ፎርማን መስመሩ ሞቷል ቢባልም በመሞከሪያ ሳይፈትሽና ከመሬት ጋር ሳያገናኝ ማንንም ወደ ላይ የማይሰደው፤ የሠፈሩ ሰው መብራት ዘገየ ብሎ ሲጮኽበት እንኳ ሥርዓቱን የማያፈርሰው። በእሱ ሥር የሠሩ ወጣቶች ሁሉ ወደ ቤታቸው በሰላም ገብተው ለጡረታ የሚበቃ ፎርማን ለከፍተኛው ሽልማት ይገባል ብዬ አምናለሁ። በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱትና አካላቸው የጎደለው ሠራተኞች ደግሞ ስማቸው በየአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ በር ላይ ተጽፎ፣ ልጆቻቸው የአባታቸውን ስም እያነበቡ ሊያድጉ ይገባል።

አንድ የማውቃቸው አባት በአንድ ከተማ የውኃ አገልግሎት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቫልቭ ከፋችነትና በጥገና ሠርተው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። የተሸኙት በአንድ የምስጋና ወረቀትና በሻይ ቡና ነው። የከተማው የድሮ ቧንቧዎች የት የት እንደ ተቀበሩ፣ የትኛው ቫልቭ የትኛውን ሠፈር እንደሚዘጋ፣ ከአስፋልቱ ሥር ተሸፍኖ የቀረው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ወረቀት ላይ ያለው ካርታ ከመሬት በታች ካለው ጋር አይገጥምም ነበርና። ከሄዱ በኋላ አንድ መስመር ሲፈነዳ መዝጊያውን ለማግኘት አስፋልቱ በብዙ ቦታ ተቆፈረ፣ ውኃውም እስከዚያው በመንገድ ላይ ሲፈስስ ዋለ። እኒህን ሰው ማክበር ማለት ካባ ማልበስ ብቻ ሊሆን አይችልም። ጡረታ ከመውጣታቸው አስቀድሞ አንድ ወጣት መሐንዲስና አንድ ካርታ ሠሪ አብረዋቸው እንዲዞሩ ተደርጎ፣ የሚያውቁት ሁሉ በስማቸው ተመዝግቦ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ለእሳቸው ክብር፣ ለከተማውም ሀብት በሆነ ነበር።

የዘርፉን ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ይህ መዘንጋት አዲስ እንዳልሆነ ይገነዘባል። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው 6.6 ሜጋ ዋቱ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ፣ ኢጣሊያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ጢስ ዓባይና ፊንጫ ለአሥርት ዓመታት ከተሞቻችንንና ፋብሪካዎቻችንን ተሸክመዋል። መራቂዎቻቸው በታሪክ መጻሕፍት ስማቸው አለ፤ በአሮጌ መለዋወጫ፣ አንዳንዴም ራሳቸው አበጅተው በገጠሙት ዕቃ እነዚያን ተርባይኖች ያዞሩ መካኒኮች ግን የሉም። በቅርብ ጊዜ ደግሞ የሕዳሴ ግድብ ሥራ አስኪያጅ የነበሩትን ኢንጂነር ስመኘው በቀለን ሕዝቡ ምን ያህል ይወዳቸው እንደ ነበር በግልጽ የታየው ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ከተገኙ በኋላ፣ በቀብራቸው ዕለት ነው። ያ ሁሉ እንባ እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ እሳቸው አላዩትም።

በሰሜኑ ጦርነት የተበጣጠሱትን ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመሮች ለመቀጠል የተሰማሩትን ባለሙያዎችም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ በወሩ፣ በኅዳር፣ መቀሌ ከብሔራዊ የኃይል ቋት ጋር ዳግም መገናኘቷ በዜና ሲነገር፣ የወደቁ ማማዎችን አንሥተው፣ ሽቦ ጎትተው ያንን ያደረጉ ሰዎች ስም አልተነገረም። የማማ ብረት እየተፈታ በሚሰረቅበት በዚህ ዘመን በማሳቸው ላይ የቆመውን ማማ እንደ ራሳቸው ንብረት የሚጠብቁ ገበሬዎችም አሉ፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው የዘርፉ ባለውለታዎች ናቸውና በክብር መዝገቡ ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው ይገባል።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። የከተሞቻችን የውኃና ፍሳሽ አገልግሎቶች በቦርድ ይመራሉ። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው መብራት ኃይል ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ደግሞ ማመንጨቱና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆኗል። ውኃውና መብራቱ ተለያይተው የማይኖሩ በመሆናቸው፣ በእያንዳንዱ ክልል የውኃውና የኤሌክትሪኩ ወገን አንድ የጋራ የክብር ኮሚቴ ቢያቋቁሙ መልካም ነው። ጥቆማው ከሥራ ባልደረቦችና ከደንበኞች ይምጣ፤ የተጠቋሚው የቅርብ አለቃ ምስክርነቱን ይስጥ እንጂ በዳኝነት አይቀመጥ። መመዘኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ይገለጥ፦ ያለ አደጋ የተሠራ ዘመን፣ ለተተኪ የተላለፈ ሙያ፣ የቀነሰ የውኃ ብክነት፣ እንዲሁም ከሁሉም በላይ ንጽሕና። ንጽሕናን ነጥዬ የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ቆጣሪ ለማስገባት፣ የተቃጠለ ፊውዝ ለማስቀየር እጅ መንሻ የሚጠብቅ ሠራተኛ ባለበት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ የማንንም ሳንቲም ሳይነካ ኖሮ በኪራይ ቤት ጡረታ የሚወጣ ሰው መኖሩን ሕዝቡ ሊያውቅ ይገባዋል። ሴቶቹም እንዳይረሱ፤ በላቦራቶሪ የውኃውን ጥራት የሚመረምሩ፣ በፀሐይ ቤት ለቤት እየዞሩ ቆጣሪ የሚያነቡ ብዙ ሴቶች አሉ፣ በየመድረኩ ሲሸለሙ ግን እምብዛም አላየሁም።

የሽልማቱ ይዘት ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ለተሸላሚው ከነቤተሰቡ ከጡረታም በኋላ የሚቀጥል ሕክምና፣ መጠኑ የሚያኮራ ገንዘብ፣ ከተቻለም የሠራበት የግፊት ጣቢያ ወይም ማከፋፈያ ጣቢያ በስሙ ቢጠራ ይበቃል። ለአዳራሽ፣ ለቲሸርትና ለባነር የሚወጣው ገንዘብ ለተሸላሚዎቹ ይዋል። ብዛቱም ይገደብ፤ ለሁሉም የሚታደል የምስክር ወረቀት ማንንም አያከብርም። በተጨማሪም ይህ ሥርዓት የደመወዝ ማስተካከያን፣ የደኅንነት መሣሪያን ወይም የመድን ዋስትናን የሚተካ ተደርጎ እንዳይወሰድ አጥብቄ አሳስባለሁ። ያለ ጓንትና ያለ መታጠቂያ ቀበቶ ምሰሶ ላይ የሚወጣን ሰው መጀመሪያ ጓንቱንና ቀበቶውን መስጠት ይቀድማል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ የዓለም የውኃ ቀን በየዓመቱ መጋቢት 13 ቀን ይውላል፤ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለውም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ያለው ሳምንት ለውኃውም ለመብራቱም ወገን የሚስማማ ይመስለኛል። በእኛ በኩል ሌላ ጥናት ሳይጠበቅ ከሐሰሊሶ እስከ ሐረር ባለው መስመር ላይ ለረጅም ዓመታት በተረኝነት የሠሩትን ኦፕሬተሮችና ለጣቢያዎቹ ኃይል የሚያደርሰውን መስመር የሚጠብቁትን ሠራተኞች ስም ዝርዝር በማውጣት መጀመር ይቻላል። የሐረርም የድሬዳዋም የሚመለከታቸው ኃላፊዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያላቸውን ሐሳብ በዚሁ ዓምድ እንዲገልጹልን፣ አንባቢዎችም በየከተማቸው የሚያውቋቸውን እንዲህ ያሉ ሰዎች ለቦርዶቻቸው በጽሑፍ እንዲጠቁሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሐረር ነዋሪ