እምዬ፣ ወረቀቱ ደረሰሽ?

ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የአንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። ለፋሲካ ስለቀረሁ እንዳኮረፍሽ ወንድሜ ነግሮኛል። የመንገዱን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ። የአውሮፕላኑ ዋጋ ደግሞ ለአራት ሰው የሚቀመስ አልሆነም።

ከደብዳቤው ጋር ወፈር ያለ ፖስታ ይደርስሻል። ብር ከመሰለሽ ይቅርታ፣ ብሩን በወንድሜ በኩል ልኬዋለሁ። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት ነው። 30 ፍሬ፣ አንድ ፊቱ ቀይ፣ ሌላው ነጭ። በጥር ለጥምቀት ስመጣ አብረን ያጠፍነው ዓይነት። ስሙ ኦሪጋሚ ነው ስልሽ «ኦሪት ጋሜ» ብለሽ ያሳቅሽኝ። ጃፓንኛ ነው እምዬ፤ ኦሪ ማጠፍ፣ ጋሚ ወረቀት።

ያን ቀን «ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ እኔም የተማርኩት ለኬጂ ልጆቼ ብዬ ነው። ግን የልጅ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልሽ። አኪራ ዮሺዛዋ የሚባል ጃፓናዊ ነበር፤ በፈረንጆች 1911 ተወልዶ በ2005 ነው ያረፈው። ወጣት ሳለ ፋብሪካ ይሠራ ነበር አሉ። ለሠራተኞቹ ጂኦሜትሪ የሚያስረዳቸው ወረቀት እያጠፈ ነው። ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሲያጥፍ ኖረ። አንቺ የምትወጂውን ልንገርሽ፦ ወፍራም ወረቀት ሲሆንበት ውኃ ያስነካውና እርጥብ እያለ ያጥፈዋል፤ ሲደርቅ ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል። አንቺ አክርማውን ነክረሽ እንደምትሰፊው ማለት ነው። እዚህ ላይ ስትደርሺ «እሱስ ባለሙያ ነው» ማለትሽ አይቀርም።

አጣጠፉን የሚያሳዩትን ሥዕሎችም አትፍሪያቸው። ጃፓንኛ የማያውቅ ሰውም የሚከተለውን ምልክት ያወጣው ይኸው ሰውዬ ነው። ጭረት ጭረት የሆነው መስመር ሸለቆ ነው፤ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በጭረቶቹ መሃል ነጥብ ካየሽ ተራራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቀስቱ መንገዱን ያሳይሻል። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው በስንት ጭቅጭቅ እንደሆነ ስለምትነግሪን ነው። እዚህ ፊደል የለበትም።

ቁርጥማቱ ጠዋት ስለሚብስብሽ ጠዋት አትሞክሪው። ቡና ስትጠጪ ስኒውን በሁለት እጅሽ ያዢና ጣትሽ ሲሟሟቅ ጀምሪ። ጭንሽ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ይሁን። እጥፋቱን በጥፍርሽ አትጫኚው፣ በማንኪያ ጀርባ ሂጂበት። ሱቅ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። እሱ ለጣትሽ ስለሚያንስ እኔ ከስጦታ መጠቅለያ 25 በ25 አድርጌ ቆርጬልሻለሁ። ሁለት ቀለም የሆነውም ዓይንሽ ጠርዙን እንዲለይ ነው።

በስኒዋ ጀምሪ። አምስት እጥፋት ናት። ወረቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ አጥፈሽ ሦስት ማዕዘን አድርጊው፤ ረጅሙ ጎን ወደ አንቺ ይሁን። የቀኙን ጫፍ ተሻግሮ የግራውን ጎን እንዲነካ አጥፊው። ከዚያ የግራውን ጫፍ በላዩ ወደ ቀኝ። አናቱ ላይ ሁለት ክንፍ ይቀርሻል፤ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ጣይው። አፉን ከፈት ስታደርጊው ስኒ ነው። በጥር ቆሎ ሞልተሽ ለጎረቤትሽ ያቀረብሽላት እሷ ናት።

ልጆቹ ይስሙሻል። ትልቁ፣ ጃፓኖች ለታመመ ሰው እንዲድን ሺህ የወረቀት ወፍ አጥፈው በክር ይሰቅሉለታል ሲባል ሰምቶ «ለእማማ እሠራለሁ» ብሎ ተነሣ። 64 ላይ ሲደርስ ኳስ ጠራው፤ ይኸው ወር አለፈው። አባቱ «ሺህ ወፍ ቢመጣባት እማማ በምን ጤፍ ትቀልባቸዋለች?» ብሎ ያበሽቀዋል። ትንሿ ግን ወፍ አልሆነላትም። ጀልባ እየሠራች ሳፋ ውስጥ ታንሳፍፋለች። ፎቅ ያለው ትሠራለች ደግሞ።

ለታመመ ሰው አልኩ አይደል። ይኸው ወጣ። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት እሱን ላለማለት ነበር።

እምዬ፣ በጥር ስኒዋን ስናጥፍ ሦስተኛው እጥፋት ላይ ቆምሽ። ወረቀቱን ገለበጥሽው፣ መልሰሽ ገለበጥሽው። ከዚያ ቀና ብለሽ «ይኼ የማን ነው?» አልሽኝ። ወዲያው ሳቅ አልሽና «ዓይኔ እኮ ነው» አልሽ። እኔም «አዎ፣ ዓይንሽ ነው» አልኩ። ዓይንሽ እንዳልሆነ ሁለታችንም አውቀናል። በሰባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስመሽ ስትመለሺ መንገድ ጠፍቶሽ ጎረቤትሽ ከአራዳ እጅሽን ይዛ እንዳመጣችሽም ሰምቻለሁ። 40 ዓመት የተመላለስሽበት መንገድ! እሷን አትቆጫት፣ እኔ ነኝ አውጣጥቼ ያስነገርኳት።

እና እውነቱን ልንገርሽ፤ ወረቀቱን የላክሁት እንድትጫወቺበት ብቻ አይደለም። ወንድሜ እሁድ እሁድ እየመጣ «እስቲ ስኒዋን ሥሪልኝ» እንዲልሽና የት ላይ እንደምትቆሚ እንዲነግረኝ ብዬ ነበር። ፈተና ነው ማለት ነው። ትናንት ማታ ስቆርጠው ራሴን ታዘብኩት። እጅ መቆጣጠር ከማን እንደተማርኩት ታውቂያለሽ።

ሙዳዩን። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት መልስ ሦስት ሳምንት የሰፋሁትን። ሐምራዊና አረንጓዴ አለላ ነበረው። ጎረቤቶቹ ቡና ተሰብስበው ሳለ አመጣሁልሽ። አገላብጠሽ አየሽው፣ «ጠማማ ነው» አልሽ፣ ወስፌውን አነሣሽና እዚያው ፊታቸው እስከ መነሻው ድረስ ፈታሽው። ሰበዙ ጭንሽ ላይ ሲከመር ይታየኛል። በሳምንቱ የእኔን አለላ ለቅዳሜ ገበያ ባወጣሽው መሶብ ላይ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ወስፌ ይዤ አላውቅም። ዩኒፎርሜም ደብተሬም ከዚያው ከስፌትሽ ነው የወጣው፤ እሱንም አልረሳሁም።

በጥር ባነሣልሽ «እኔ? መቼ?» አልሽኝ። ድሮ ቢሆን በዚህ መልስሽ ሳምንት አኮርፍ ነበር። አሁን ፈራሁ። ረስተሽው ነው? ወይስ ያኔም ቁም ነገር ብለሽ አልያዝሽውም? ከቡናው ሰዎች አንዳቸውም በሕይወት የሉም። አንቺ ከረሳሽው እኔ ብቻዬን ቀረሁበት።

በይ አሁን ሳትቆጪ ስሚኝ። ወንድሜ ሐኪም ጋ ይወስድሻል። እዚህ ያማከርኳት ሐኪም እንዳለችው መርሳት ሁሉ ከእርጅና አይመጣም። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረትም ያመጣዋል፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርም ያመጣዋል። እነዚህ በደም ምርመራ ይታወቃሉ፣ መድኃኒትም አላቸው። ወረቀት ማጠፉ መድኃኒት አይደለም። ጣትሽን እንዲያፍታታልሽ ነው፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብለሽ እንድትስቂም። የምትወስጂውን ክኒን ሁሉ፣ የደም ግፊቱንም፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። አዲስ አበባ ነይ የሚለውን ዛሬ አላነሣም። ቤትሽን ማን ይጠብቀዋል እንደምትዪኝ አውቃለሁ።

ወንድሜንም ፈተናውን ተወው ብዬዋለሁ። ከወረቀቶቹ አንዱን እኔ እስከ ሦስተኛው እጥፋት አድርሼዋለሁ፣ ከሁሉም በታች ነው። የቀሩትን ሁለቱን አንቺ እጠፊና መልሰሽ ላኪልኝ። ጠማማም ቢሆን አልፈታውም።

ልጅሽ

ረስቼው፦ የቤቱን ትርፍ ቁልፍ ለጎረቤትሽ ስጫት። ቡና ጥደሽ ስትወጪም ለእሷ ሳትነግሪ አትውጪ።